ሲጋራ ብርድ አያባርርም

ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት ውርጭ ሲጥል፣ ጠዋት ብዙ ሰው «ለብርዱ ነው» እያለ ሲጋራ ይለኩሳል። እባካችሁ ይህን አትመኑ። ሲጋራ ውስጥ ያለው ኒኮቲን የደም ሥሮችን ያጠብባል። ወደ እጅና እግር ጣት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ጣታችሁ ጭራሽ ይቀዘቅዛል።

የሳንባ ካንሰሩን፣ የልብ ሕመሙንና ስትሮኩን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለእኛ ደጋ ላይ ላለነው ግን ሌላም አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ልብ ይህን ለማካካስ አብዝቶ ይመታል። አጫሽ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በር ዘግቶ ከሰል እያነደዱ ማጨስ ከተጨመረበትማ ያው ጋዝ ከሁለት በኩል ይገባል። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ደግሞ በፍጹም!

ጠዋት እጃችሁ ወደ ፓኮው ሲሄድ ትኩስ ሻይ ያዙ፣ ጋቢ ደርቡ፣ ትንሽ ተራመዱ። አምሮቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልፋል። ከመጨረሻዋ ሲጋራ በኋላ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት መውረድ ይጀምራል። 12 ሰዓታት ገደማ ሲያልፉ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ መደበኛው መጠን ይወርዳል። ብቻችሁን ማቆም ከከበዳችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ባለሙያ አማክሩ።