በእርጥብ መንገድ ላይ የመኪና ኋላ የሚንሸራተትበት ምክንያት፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሔው

ዝናብ በጣለ ቁጥር የመኪናቸው ኋላ እንደሚንሸራተት የሚናገሩ አሽከርካሪዎች ብዙውን ጊዜ በመንገዱ ያሳብባሉ። ይሁንና የፊቱም የኋላውም ጎማ የሚረግጠው አንድ አስፋልትና አንድ ውሃ ስለሆነ፣ የፊቱ መንገዱን ቆንጥጦ ይዞ ሳለ የኋላው ከለቀቀ መመርመር ያለበት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በእርጥብ አስፋልት ላይ የጎማ የመያዝ አቅም ከደረቁ አንጻር በሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ስለሚችል፣ በበጋ ሳይታወቅ የከረመ ጉድለት በዝናብ ቀን ይገለጣል።

ከሁሉ አስቀድሞ የለቀቀው በእርግጥ የኋላው መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። መሪው ዞሮ መኪናው ግን አልታዘዝ ብሎ ቀጥ ብሎ ከሄደ የለቀቀው የፊቱ ጎማ ነው። መኪናው መሪው ካዘዘው በላይ ከዞረና አሽከርካሪው መቀመጫው ወደ ጎን የተገፋ ያህል ከተሰማው የለቀቀው የኋላው ነው። የፊቱ ሲለቅ ፍጥነትን ቀስ አድርጎ መቀነስ ብዙውን ጊዜ ያስተካክለዋል፤ የኋላው ሲለቅ ግን መንሸራተቱ ራሱን እያባሰ ይሄዳል፣ በድንጋጤ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሳትም ያከፋዋል። ከዚህ በኋላ ምርመራው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይመሠረታል፦ ኋላው የሚለቀው አሽከርካሪው ምን እያደረገ ሳለ ነው?

በመታጠፊያ ላይ፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ

በፊት ጎማ በሚጎተቱ መኪኖች ላይ ደጋግሜ የማየው ምልክት ይህ ነው። መኪናው ወደ መታጠፊያው ይገባል፣ አሽከርካሪው ፍጥነቱ በዝቶ ስለታየው እግሩን ያነሳል፣ በዚያችው ቅጽበት ኋላው ወደ ውጭ ይወጣል። እግር ሲነሳ ከመኪናው ክብደት ጥቂቱ ወደ ፊት ስለሚዛወር የፊቱ ጎማ ይበልጥ ይጨብጣል፣ የኋላው ግን ይቀልላል። ይህ በማንኛውም መኪና ላይ የሚሆን ነገር ነው፤ ኋላው እስከ መልቀቅ የሚደርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማዎቹ ጥርስ ከፊቶቹ ይልቅ ያለቀ ሲሆን ነው።

የሚገርመው፣ ይህን ችግር የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ጥንቃቄ መሆኑ ነው። በእነዚህ መኪኖች የፊት ጎማዎቹ የመሪውን ሥራም፣ የሞተሩን ጉልበትም፣ አብዛኛውን የፍሬን ጫናም ስለሚሸከሙ ቀድመው ያልቃሉ። ባለቤቱ ሁለት አዲስ ጎማ ሲገዛ ጎሚስታው አዲሶቹን በለቀቁት ቦታ ከፊት ያስራቸዋል፣ በከፊል ያለቁት ደግሞ ከኋላ እንዳሉ ይቀራሉ። «ደኅናው ጎማ ለሚሠራው ይሰጥ» የሚለው ስሌት ትክክል ስለሚመስል እኔም ለዓመታት ተከትየዋለሁ፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ በአንድ ዝናባማ ቀን፣ ብዙም ፈጣን ባልሆነ ጉዞ፣ መኪናዬ በሰፊ መታጠፊያ ላይ ዞሮ ወደ መጣሁበት አቅጣጫ መቆሙ ነው። ሚሽሊንን የመሰሉ ታላላቅ አምራቾች ከዚህ ስሌት ተቃራኒውን ይመክራሉ፦ ሁለት ጎማ ብቻ የሚቀየር ከሆነ፣ የሚጎትተው ፊቱም ይሁን ኋላው፣ አዲሶቹ ከኋላ ይታሰሩ።

እንግዲህ መፍትሔው የሚጀምረው ከመለካት ነው። አዲስ የመኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ የጥርስ ጥልቀት አለው። በብዙ አገሮች ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በጥርሶቹ መካከል ባሉት ቦዮች ውስጥ የሚታዩት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ሲሆኑ ጎማው እዚያ ወለል ላይ ደርሷል ማለት ነው። ለዝናብ ግን ይህ ልክ በጣም ዘግይቷል፤ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የወረደ ጎማ በኋላ አክስል ላይ ባይቆይ እመርጣለሁ። ልኬቱ በውስጠኛው ጠርዝ፣ በመሐልና በውጭኛው ጠርዝ ለየብቻ ይወሰድ፤ ከውጭ ሲያዩት ደኅና የሚመስል ጎማ በውስጥ ጠርዙ ሊሾ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። የፊቶቹ ከኋላዎቹ የጠለቁ ከሆኑ ቦታ ማለዋወጥ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ጥገና ነው፤ የመዞሪያ አቅጣጫ ቀስት ያለባቸው ጎማዎች ግን በዚያው ጎን ይቆዩ። ቀስቱ በተቃራኒ የታሰረ ጎማ ውሃውን ወደ ውጭ በመግፋት ፈንታ ወደ መሐል ስለሚሰበስበው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም በዝናብ የሚጠበቅበትን አያደርግም።

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ፣ በፍጥነት ሲኬድ

መታጠፊያ ሳይኖር፣ ፍሬን ሳይያዝ፣ ውሃ ባቆረ ቦታ ላይ ኋላው ወደ ግራና ወደ ቀኝ መዋኘት ከጀመረ ጎማዎቹ ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በእያንዳንዱ ሰከንድ 13 ሊትር ያህል ውሃ ከፊቱ ገለል ማድረግ አለበት። ጎማው መንገዱን የሚነካበት ቦታ ከአንድ መዳፍ ብዙም ስለማይበልጥ፣ ውሃው በቦዮቹ ለማምለጥ የሚያገኘው ጊዜ ከሰከንድ አንድ መቶኛ ያንሳል። ቦዮቹ ጥልቀት ካጡ ውሃው መውጫ አጥቶ በጎማው ሥር እንደ ሽብልቅ ይገባና ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሳዋል።

ሁለተኛው መንስኤ የንፋስ ማነስ ነው። ናሳ እ.ኤ.አ. በ1963 ያሳተመው የአውሮፕላን ጎማ ጥናት ጎማ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት ከንፋሱ ጫና ስኩዌር ሩት ጋር እንደሚሄድ ያሳያል። ያንን ቀመር ለግምት ያህል ወደ መኪና ብናመጣው፣ 32 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ጫና መለኪያ) ንፋስ ያለው ጎማ በ95 ኪሎ ሜትር በሰዓት አካባቢ ሲንሳፈፍ፣ ወደ 24 የወረደው በ82 አካባቢ ይንሳፈፋል። ቀመሩ ለአውሮፕላን ጎማ የተሠራ ስለሆነና ያለቀ የመኪና ጎማ ከዚያም ቀደም ብሎ ሊነሳ ስለሚችል፣ ቁጥሮቹን እንደ ፈቃድ መውሰድ አይገባም። ከኋላ ጎማ ቀስ እያለ የሚያፈስ ቫልቭ ወይም ሚስማር ለሳምንታት ላይታወቅ ይችላል፤ የፊቱ ሲጎድል መሪው ይከብዳል ወይም ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ የኋላው ሲጎድል ግን መሪው ለአሽከርካሪው ብዙም አይነግረውም። ንፋሱ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ልክ ይሞላ። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር የጎማው ከፍተኛ ወሰን እንጂ ለመኪናው የተመደበው ልክ አይደለም። ጥርሱና ንፋሱ ልክ ሆነው ሳለም መኪናው ከተንሳፈፈ የቀረው መድኃኒት ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው።

ፍሬን ሲያዝ

መካከለኛ ክብደት ያለው 1200 ኪሎ መኪና ቆሞ ሳለ ከኋላ 480 ኪሎ ያህል ይሸከማል እንበል። በእርጥብ መንገድ ላይ ጠበቅ ያለ ፍሬን ሲያዝ ከዚህ ውስጥ ከ120 ኪሎ በላይ የሚሆነው ወደ ፊት ስለሚዛወር፣ የኋላ ጎማዎቹ በሩብ ያህል ይቀላሉ። ለዚህ ሲባል የፍሬን ሥርዓቱ ለኋላ አነስተኛ ጫና እንዲልክ ተደርጎ ይሠራል። ፍሬን ሲያዝ ኋላው የሚወረወር ከሆነ ይህ ክፍፍል ተዛብቷል ወይም ከሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንዱ ከሌላው ቀድሞ ይቆልፋል።

ከጉዞ በኋላ የሁለቱን የኋላ ቸርኬዎች ሙቀት ማነጻጸር የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ እጅን ሳያስነኩ ጠጋ አድርጎ ሙቀቱን ማስተዋል ብዙ ጊዜ ይበቃል። አንዱ ለይቶ ከጋለ የእጅ ፍሬን ገመዱ ዝጎ ሳይመለስ ቀርቷል ወይም የፍሬን ሸራው ታምቡሩ ላይ ተጣብቋል። ታምቡሩ ሲፈታ ሸራው በዘይት ወይም በፍሬን ዘይት ርሶ ከተገኘ፣ የሚያፈስሰው ሲሊንደር ወይም የአክስል ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ቀለበት) ሳይቀየር ሸራውን ብቻ መቀየር ትርፉ ድካም ነው። ሸራ ደግሞ በጥንድ እንጂ በአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም። በአንዳንድ ፒክአፖችና የዕቃ መኪኖች ላይ የኋላውን የፍሬን ጫና እንደ ጭነቱ መጠን የሚቆጣጠር ቫልቭ በአክስሉና በሻሲው መካከል ተያይዟል። ባሌስትራው (ክብደቱን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) ደክሞ ሻሲው ዝቅ ካለ ቫልቩ መኪናው የተጫነ መስሎት ባዶውን መኪና ከኋላ አብዝቶ ፍሬን ያስይዘዋል፤ ይህን ዓይነት ችግር በሸራና በታምቡር ላይ ሲፈልጉ መዋል የተለመደ ስሕተት ነው።

ነዳጅ ሲሰጥ ወይም ማርሽ ሲቀነስ

ይህ በኋላ ጎማ የሚነዱ መኪኖች ጉዳይ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ኋላው ከወጣ ጎማው ከሚችለው በላይ ጉልበት ተልኮበታል፤ በከፍተኛ ማርሽና በለስላሳ እግር መነሳት ይረዳል። ብዙዎች የማያስተውሉት ሁለተኛውን ነው። በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሶ ፍሪሲዮንን በድንገት መልቀቅ የሞተሩን መያዝ በሙሉ በኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚጥል፣ ውጤቱ የእጅ ፍሬን ከመሳብ ብዙ አይለይም። ማርሹ ቀደም ብሎ፣ መኪናው ቀጥ ባለበት ሳለ ይቀነስ፣ ፍሪሲዮኑም ቀስ ተብሎ ይለቀቅ።

ባዶ ፒክአፕ ከዚህም የባሰ ነው። ኋላው ቀሊል ነው፣ ባሌስትራው ለጭነት የጠነከረ ነው፣ ንፋሱም ብዙውን ጊዜ ለጭነት በተሞላበት ይቆያል። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ልክ ካስቀመጠ ንፋሱ እንደ ጭነቱ ይስተካከል። ክብደት መጨመር የሚፈልግ ሰው ከአክስሉ በላይ ወይም ጥቂት ወደ ፊት አድርጎ አጥብቆ ይሰረው፤ በጭነት መደቡ ጫፍ ላይ የተጣለ ክብደት ኋላው አንዴ ከወጣ በኋላ እንደ መዶሻ ይወረውረዋል።

በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወይም ጎርበጥባጣ ላይ

ኋላው ወደ ግራ ሲታጠፍ ብቻ የሚለቅ ከሆነ በዚያ ጊዜ ክብደቱን የሚሸከመው የቀኝ የኋላ ጎማ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ደግሞ የግራው። ጥርሱና ንፋሱ ከሌላው ጋር እኩል ከሆኑ ወደ ሾክ አብዞርበሩ (የመኪናውን መንጠር ወደሚያበርደው ክፍል) ይታለፍ። በላዩ ላይ የዘይት ርጥበት መኖሩ፣ የጎማው ጥርስ በየቦታው እየተሰረጎደ መበላቱ፣ የመኪናው ጥግ ተጭኖ ሲለቀቅ ደጋግሞ መነጠሩ የደከመ ሾክ ምልክቶች ናቸው። ሾክ ሲደክም ጎማው በእያንዳንዱ ጉርብጥ ላይ ለቅጽበት ከመንገዱ ይነሳል፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ደግሞ ተመልሶ ሲያርፍ የሚያርፈው በውሃው ላይ ነው።

ሾኩም ደኅና ከሆነ የኋላ ቦኮላዎች (በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉት ላስቲኮች) ይታዩ። ያለቀ ቦኮላ ጎማው በጫና ሥር አቅጣጫውን እንዲቀይር ስለሚፈቅድለት መኪናው ያላዘዙት መሪ ከኋላ የተገጠመለት ያህል ይሆናል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መሪው ጠምሞ መያዙና የጎማው ጥርስ በመዳፍ ሲዳሰስ በአንድ አቅጣጫ እንደ መጋዝ መቧጠጡ የኋላው አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ አሰላለፍ) መበላሸቱን ያመለክታሉ። አላይመንቱ ሲሠራ አራቱም ጎማዎች እንዲለኩ መጠየቅ ይገባል፤ የፊቱ ብቻ ከተስተካከለ ይህ ጥፋት ሳይነካ ያልፋል።

ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ሲንሸራተት

ብዙ ባልተነዳ መኪና ላይ ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ይደርቃል። በጎማው ጎን ባለው ኮድ መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። በቦዮቹ ውስጥ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ በጥፍር ሲጫኑት የማይለዝብ ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ አይቆነጥጥም፣ መድኃኒቱም መቀየር ብቻ ነው። በአንድ አክስል ላይ የተለያየ ዓይነት ጎማ ማሰርም ከዚሁ ይመደባል። ችግሩ የታየው ከረጅም ድርቅ በኋላ በጣለ ዝናብ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ብቻ ከሆነ ግን፣ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ስለሚለወስ ጎማውን ከመቀየር በፊት መንገዱ እስኪታጠብ መጠበቅ ተገቢ ነው።

የኤሌክትሮኒክስ መረጋጊያ ያለው መኪና ቀድሞ ራሱን ያስተካክል ከነበረና አሁን ካቆመ ዳሽቦርዱ ይታይ። መብራቱ በመንሸራተት ጊዜ ብልጭ ድርግም ማለቱ ሥራ ላይ ነው ማለት ሲሆን፣ በርቶ መቅረቱ ግን ሥርዓቱ መጥፋቱን ወይም መበላሸቱን ያሳያል። የጎማ ፍጥነት ሴንሰር መቆሸሽ ወይም የሽቦው መበጠስ የተለመደ ምክንያት ነው።

ከጥገናው በኋላ

ፈተናው ሰው በሌለበት ሰፊ እርጥብ ሜዳ ላይ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ባልበለጠ ፍጥነት ይደረግ፤ መጀመሪያ ችግሩን ያመጣው ድርጊት ራሱ፣ ማለትም እግር ማንሳቱ፣ ፍሬኑ ወይም ማርሹ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ይደገም። ኋላው ከወጣ ዓይን መኪናው ወደሚሄድበት ሳይሆን ሊሄድበት ወደሚገባው ይመልከት፣ መሪውም ኋላው ወደወጣበት ጎን ይዙር፣ መኪናው መመለስ ሲጀምርም መሪው ሳይዘገይ ይመለስ፤ ዘግይቶ የተመለሰ መሪ ኋላውን ወደ ሌላኛው ጎን ይወረውረዋል። አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መፈተን፣ ከዚያ ሌላውን መቀየር ይሻላል፤ ጎማ፣ ሾክና አላይመንት በአንድ ቀን የተሠራበት መኪና ቢድን እንኳ የቱ እንዳዳነው ሳይታወቅ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ክረምት ምርመራውም ከዜሮ ይጀምራል።