ትናንት «አይረባም» ያልነው ተጫዋች፦ ስንፈርድ የምንሠራቸው ስህተቶች

በ2007 ስለ ዳላሱ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ስለ ዲርክ ኖቪትዝኪ አንድ ነገር እርግጠኛ ነበርኩ። ትልቅ ጨዋታ ላይ ልቡ ይከዳዋል እል ነበር። (ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ጓደኞቼም እንደዚያው ይሉ ነበር። ከ4 ዓመት በኋላ እኛው ራሳችን «ድሮም ጀግና ነው» ማለት ጀመርን። ሰውየው ያው ነው። የሚወረውረውም ያንኑ ውርወራ ነው፤ አንድ እግሩን አንስቶ ወደ ኋላ ዘንበል ይልና ይለቀዋል። የተለወጠው የኛ አፍ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ስለ ኤንቢኤ ተጫዋቾች ያለን ሐሳብ እንዴት እንደሚገለባበጥ በትኩረት እከታተላለሁ። ሐሳብ መለወጥ ነውር የለውም። የሚያሳዝነኝ ብዙ ጊዜ የምንለውጠው ተጫዋቹን ደህና አድርገን ስላየነው አለመሆኑ ነው። ውጤቱ ሲለወጥ አብረን እንለወጣለን። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

በአንድ ሽንፈት ሰውን መጨረስ

ከዲርክ ልጀምር፤ በሱ ላይ የፈረድኩት ፍርድ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

በ2006 የፍጻሜ ጨዋታዎች ዳላስ ማያሚን 2 ለ 0 ይመራ ነበር፤ ዋንጫውን የሚወስደው ቀድሞ 4 ጨዋታ ያሸነፈ ነው። በሦስተኛው ጨዋታ ስድስት ደቂቃ ተኩል ያህል ሲቀርም በ13 ነጥብ ይበልጥ ነበር። ዋንጫው የተበላ ዕቁብ መስሎን ነበር። ከዚያ የማያሚው ድዌይን ዌድ ተነሳ። 42 ነጥብ አስቆጠረና ማያሚ መሪነቱን ወሰደ። 3.4 ሰከንድ ሲቀር ዲርክ ሁለት ነጻ ውርወራ አገኘ። የመጀመሪያውን አገባ፣ ሁለተኛውን ሳተ። ዳላስ 98 ለ 96 ተሸነፈ። ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎችም አከታትሎ አጣ።

በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ዳላስ 67 ጨዋታ አሸንፎ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚመጣው ጥሎ ማለፍ፣ በፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር ግን ስምንተኛ ሆኖ የገባው ጎልደን ስቴት አሰናበተው። በመጨረሻው ጨዋታ ዲርክ ከ13 ሙከራ ያገባው 2 ብቻ ነው። የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ሽልማት የተቀበለው ከዚህ በኋላ ነበር፤ ቡድኑ ወደ ቤቱ ከተሸኘ በኋላ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። «አውሮፓውያን ለስላሳ ናቸው» የሚለው ወሬ በሱ ላይ ተለጠፈ። እኔም አብሬ ለጠፍኩ።

ያኔ ልብ ያላልነውን እዩት። በዚያው በ2006፣ ከማያሚ በፊት፣ ዳላስ ከሳን አንቶኒዮ ጋር ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ደረሰ። ያሸነፈ ያልፋል፣ የተሸነፈ ይወድቃል። ዲርክ 37 ነጥብና 15 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ መያዝ) ይዞ ወጣ። በቀጣዩ ዙር ደግሞ ፊኒክስ ላይ በአንድ ጨዋታ 50 ነጥብ አስቆጠረ። ትልቅ ጨዋታ የሚፈራ ሰው ይህን አያደርግም። ማስረጃው ፊታችን ነበር። አንድ የሳተ ነጻ ውርወራ ሸፈነብን።

በ2011 ዳላስ ያንኑ ማያሚን በፍጻሜው አገኘው። ማያሚ አሁን ሌብሮን ጄምስ፣ ዌድና ክሪስ ቦሽ ያሉበት ቡድን ነው። ዲርክ የግራ እጁ ጣት ጅማት ተበጥሶ ተጫወተ። አራተኛውን ጨዋታ ትኩሳት ይዞት ተጫወተ። ዳላስ 4 ለ 2 አሸነፈ፤ እሱም የፍጻሜው ምርጥ ተባለ። የስድስተኛውን ጨዋታ የመጀመሪያ አጋማሽ ግን ስንቱ ያስታውሰዋል? ከ12 ሙከራ ያገባው አንድ ብቻ ነበር። ልክ እንደ 2007ቱ ክፉ ምሽት። ልዩነቱ ጄሰን ቴሪ 27 ነጥብ አስቆጥሮ ቡድኑን ማቆየቱ ነው። ዲርክ ከዕረፍት በኋላ ተመለሰና 21 ነጥብ ይዞ ጨረሰ። ቴሪ ያን ምሽት ባይኖር፣ ዳላስም ሁለቱን የመጨረሻ ጨዋታዎች ቢሸነፍ፣ ዛሬም «ልቡ ይከዳዋል» እያልን ነበር። በራሱ በዲርክ ላይ ምንም ሳይለወጥ።

ቀለበት ብቻ መቁጠር

ይሄኛው አጭር ነው። ዋንጫ የወሰደ ቡድን ተጫዋቾች ቀለበት ይሰጣቸዋል። ሮበርት ሆሪ 7 የሻምፒዮንነት ቀለበት አለው፤ ማይክል ጆርዳን 6፤ ቻርልስ ባርክሊ ምንም። ሆሪ ከጆርዳን ይበልጣል የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። እንግዲያው ባርክሊን ቀለበት የለህም ብለን የምናሳንሰው በምን ሒሳብ ነው? ቀለበት የቡድን ነው። ሲቆጠር አብሮ የነበረውንም ሰው አብሮ መቁጠር ነው።

ያልተመዘገበውን እንዳልተሠራ ማየት

የቆዩ ተጫዋቾችን በዛሬ ሰንጠረዥ መለካት የምር ያናድደኛል። ቢል ራስልን ውሰዱ። በ13 የውድድር ዘመን 11 ዋንጫ። ስሙ ከመከላከል ጋር የተያያዘ ሰው ነው። ግን ሊጉ ብሎክን (የተወረወረን ኳስ አየር ላይ ማገድን) በይፋ መቁጠር የጀመረው በ1973 በተጀመረው ዘመን ነው። ራስል ጫማውን የሰቀለው በ1969። በይፋ መዝገብ ላይ አንድም ብሎክ የለውም። የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሽልማትም የተጀመረው በዚያው በ1969፣ በመጨረሻ ዓመቱ ነው። የተሰጠውም ለተሸናፊው ቡድን ተጫዋች ለጄሪ ዌስት ነበር። ስለዚህ ራስል ይህን ሽልማት አንድም ጊዜ አልወሰደም። ዛሬ ሽልማቱ የሚጠራው ግን በሱ ስም ነው። ቁጥር ብቻ የሚያይ ወጣት ስለ ራስል ምን ሊያስብ እንደሚችል ገምቱ።

በተቃራኒውም ይሠራል። ዊልት ቻምበርሌይን በ1961–62 በአማካይ 50.4 ነጥብ አስቆጥሯል። በዚያ ዘመን ቡድኖች ይሮጡ ነበር፤ በአንድ ጨዋታ ከ100 በላይ ይወረውራሉ። እሱ ራሱ ከሜዳ አይወጣም ማለት ይቻላል። ይህን ማወቅ ዊልትን አያሳንሰውም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ያሳያል። የሶስት ነጥብ መስመርም ኤንቢኤ የገባው በ1979 ነው። ከዚያ በፊት የነበረን ተጫዋች «ከሩቅ አይወረውርም» ብሎ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በድራፍት ምሽት ላይ ተቸንክሮ መቅረት

ድራፍት ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ምሽት ነው። ኒኮላ ዮኪች በ2014 የተመረጠው 41ኛ ሆኖ ነው። ስሙ ሲጠራ ቴሌቪዥኑ የምግብ ማስታወቂያ ያሳይ ነበር። ከዚያ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ሆነ፤ በ2023 ደግሞ ዴንቨርን ሻምፒዮን አደረገ። ያኒስ አንቴቶኩንፖ 15ኛ ነበር። እነዚህን ሁሉም ያነሳቸዋል፤ ደስ የሚሉ ታሪኮች ናቸውና።

እኔ የማዝነው ለዳርኮ ሚሊቺች ነው። በ2003 ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። ከፊቱ ሌብሮን ብቻ፤ ከኋላው ካርሜሎ አንቶኒ፣ ቦሽና ዌድ። እስከ ዛሬ መሳለቂያ ነው። ልጁ ግን ገና 18 ዓመቱ ነበር። የገባውም ዲትሮይት ነው፤ በዓመቱ ሻምፒዮን የሆነ፣ ለጀማሪ ደቂቃ የማይተርፈው ቡድን። ሁለተኛ ምረጡኝ ብሎ የጠየቀ የለም። ሌሎች ለሠሩት ምርጫ ዕድሜ ልኩን እሱ ይከፍላል።

ውሳኔውን ከጨዋታው ጋር መቀላቀል

ሌብሮን በ2010 ወደ ማያሚ መሄዱን በቴሌቪዥን ሲያውጅ ክሊቭላንድ ውስጥ ማሊያውን ያቃጠሉ ነበሩ። በ2014 ተመለሰ። በ2016 ከ3 ለ 1 ሽንፈት ተነስቶ ያችን ከተማ ከ1964 ወዲህ ላላየችው ዋንጫ አበቃት። ያው ሕዝብ በደስታ አለቀሰ። ኬቨን ዱራንት በ2016 ቡድኑን ባሸነፈው ጎልደን ስቴት ውስጥ ሲገባ እኔ አልወደድኩለትም። አሁንም አልወደውም። በ2017ና በ2018 ፍጻሜዎች የተጫወተውን ግን «አይቆጠርም» ማለት አልችልም። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ለየብቻ መያዝ ይቻላል።

በቅንጭብ ቪዲዮ መፍረድ

አዲስ አበባ ሆነን የፍጻሜ ጨዋታ በቀጥታ ለማየት ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ መንቃት አለብን። ሥራ ያለው ሰው ይተኛል፤ ጠዋት ታክሲ ውስጥ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያያል። ይገባኛል፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን ቪዲዮው ውስጥ የሚገባው ዳንክ ነው፤ ዘሎ ኳሷን ከላይ መክተት። ቲም ደንከን 5 ዋንጫ አንስቶ ለዓመታት «አሰልቺ» የተባለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ቦታ አያያዙ፣ ሰሌዳውን አስነክቶ የሚያገባው ቀላል ውርወራ፣ ጓደኛው ሲታለፍ ደርሶ መሸፈኑ ቅንጭብ ውስጥ አይገባም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ጨዋታ ሳታዩ ስለ ማንም አትፍረዱ።

ከሞት በኋላ እውነቱን መፍራት

ኮቢ ብራያንት ጥር 26 ቀን 2020 ሲሞት እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጨዋታው ደካማ ጎን ማንሳት እንደ ድፍረት ይቆጠራል። በሕይወት እያለ «ኳስ አይሰጥም» ሲሉት የነበሩ ሰዎች ዛሬ ድምፃቸው የለም። በ2010 ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ ላይ ከ24 ሙከራ ያገባው 6 ነበር። በዚያው ምሽት 15 ሪባውንድ ወሰደ፤ ቡድኑ ሌከርስም ዋንጫውን አነሳ። ውርወራው እምቢ ሲለው ለሪባውንድ የታገለውን ኮቢ የምወደው፣ ያን 6 ከ24 ሳልደብቅ ነው።

ያልነውን መርሳት

ለኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ከ2011 በኋላ ስለ ዲርክ ተሳስቼ ነበር ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌሎቹ «እኔማ ድሮም ብያለሁ» ባዮች ሆኑ። ዋሽተው አይመስለኝም፤ በእውነት ረስተውታል። እኔም እረሳለሁ። ስለዚህ አሁን ቀን ጽፌ ደብተር ላይ አሰፍራለሁ፤ ምን እንዳየሁና የትኛውን ጨዋታ እንዳየሁ ጭምር። ሉካ ዶንቺች በየካቲት 2025 ከዳላስ ወደ ሌከርስ በተጫዋች ልውውጥ ሲሄድ አንድ ገጽ ሞላሁ። መከላከሉና የሰውነቱ አቋም እንደሚያሳስበኝ ጻፍኩ። ከስሩ ደግሞ በ2024 ዳላስን ለፍጻሜ እንዳበቃ ጨመርኩበት። ገጹን አልቀድም። ሉካ ጫማውን የሰቀለ ቀን አውጥቼ አነበዋለሁ።