ተናዶ ሥራ መልቀቅ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ዕድሜዬን በፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሰው ሥራው ቢሰለቸውና ሌላ ዘርፍ ልሞክር ቢል መብቱ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። የሚያንገበግበኝ ተናዶ ሲወጣ በላቡ ያገኘውን ጥሎ መሄዱ ነው። የምለው የግል ድርጅት ሠራተኛን ይመለከታል፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።

ሳይናገሩ መጥፋት

ደመወዝ ይወሰዳል፣ ስልክ ይዘጋል፣ ሰውዬው በዚያው ይቀራል። «ምን ያመጣሉ?» ይሉኛል። የሚመጣውን ልንገራችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲለቅ ይፈቅዳል፤ አሠሪው እንቢ ማለት አይችልም። ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የወጣ ግን እስከ 30 ቀን ደመወዙ ድረስ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ክሊራንስ ስላልጨረሰ ፋይሉ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ያልወጣበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ሊከፈለው ሲገባ ለመጠየቅ እንኳ ያፍራል። አዲሱ ቀጣሪ ስለ ጠባዩ ደውሎ ሲጠይቀን ደግሞ ፋይሉ ላይ ያለው የመጨረሻ ወረቀት «ከሥራ ገበታው የጠፋ» ይላል።

አንዲት የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ ነበረች። ቦርሳዋ ውስጥ የምትይዛት ትንሽ ደብተር ላይ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የዕለት ምርት ትጽፍ ነበር። የፈረቃ ኃላፊነቱ ቦታ ሲከፈት ለእሷ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ቦታው የተሰጠው ግን ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ለመጣ ልጅ ነው። ጋዋኗን ማሽኑ ላይ ጥላ ወጣች። በደሉ እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው እላለሁ። ነገር ግን አምስት ዓመት ሊሞላት ሳምንታት ብቻ ነበር የቀሯት። አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው በገዛ ፈቃዱ ቢለቅም፣ በሥልጠና ውል የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ የስንብት ክፍያ ያገኛል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያን ሲሶ። ለአምስት ዓመት የ70 ቀን ደመወዝ ማለት ነው። ወረቀቷን ልትወስድ ስትመጣ አስልቼ አሳየኋት። ቁጥሩን ቆማ አየችውና «የልጄ ትምህርት ቤት ነበር» አለች። የሾመባት ሰው ከኪሱ ሳንቲም አልጎደለበትም። የተቀጣችው እሷ ናት።

እባካችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የቅጥር ደብዳቤያችሁን አውጡና ቀኑን ቁጠሩ።

ማመልከቻውን ያለ ቀሪ ኮፒ መስጠት

ሁለት ኮፒ አድርጉ፤ በአንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ጽፎ ማህተም ያድርግበት።

መልቀቂያው ላይ ስድብና ፖለቲካ መጻፍ

«ይህ ካድሬ የሚፈነጭበት ድርጅት ነው» የሚል መልቀቂያ ለማንም አይጠቅምም። አቤቱታ ካላችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና የተደረገውን ጠቅሳችሁ ለብቻው አስገቡ። የሚለየው አንድ ነገር ነው፦ ክብራችሁን የሚነካ ድርጊት ተፈጽሞባችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ከለቀቃችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለባችሁ፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ 15 የሥራ ቀን ካለፈ ደግሞ ይህ መብት ይቀራል።

በመዋጮ ተማርሮ መውጣት

በስብሰባ እጅ ይነሳና በወሩ መጨረሻ ከደመወዝ ይቆረጣል። ሰው ይበሳጫል፣ ያጉረመርማል፣ ይለቃል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ ለመቁረጥ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያነሱት እጅ ፊርማ አይደለም። «የፈረምኩበትን አሳዩኝ» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። እንዲህ ብለው ጠይቀው የተመለሰላቸው አሉ።

በወረዳ ሰው ቃል ሥራ መልቀቅ

ይህኛው ልቤን ይሰብረዋል፤ ምክንያቱም የሚታለሉት ታታሪዎቹ ልጆች ናቸው። «ተደራጁ፣ ሼድ ይሰጣችኋል» ይባላሉ። አንድ ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ጓደኛሞች እንደዚህ ተብለው አብረው ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ሹም ሽር ሆነ፤ ቃል የገባላቸው ኃላፊ ሌላ ቦታ ተመደበ፣ ተተኪው «በእጄ የገባ ሰነድ የለም» አላቸው። ቃለ ጉባኤ፣ የዕጣ ውጤት ወይም የርክክብ ደብዳቤ በእጃችሁ ሳይገባ ቋሚ ሥራ አትልቀቁ። ሰውየው ቅን ሊሆን ይችላል፤ ወንበሩ ግን የእሱ አይደለም።

«ዘርፍ ስለቀየርኩ የሥራ ልምዱ አያስፈልገኝም»

ያስፈልጋል። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት። የመስመር ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው ሆቴልም መጋዘንም ሲያመለክት ሰው ማስተዳደሩን የሚያሳይለት ይህ ወረቀት ነው። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁንም ያዙ፤ ከእናንተ 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ሲገባ የኖረው በአዲሱ ሥራ አገልግሎታችሁ እንዲያያዝ ነው።

ንግድ ፈቃድ አውጥቶ መርሳት

በቁጣው ሰሞን ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ፈቃድ ብዙ ሰው አስለቅሷል። ማደሻው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ ከዚያ ቅጣት ይከተላል። ባይሠሩበትም ግብር ማሳወቅ አይቀርም። ካልሠራችሁበት ሄዳችሁ መልሱት።

ዝም ብሎ መጠበቅ

ቀሪ ሒሳባችሁ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ካልተከፈለ «ዛሬ ነገ» እያሉ ያባብሏችኋል፤ ስድስት ወር ካለፈ ግን ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም፤ የቅጥር ደብዳቤያችሁንና ማህተም ያለበትን የመልቀቂያ ኮፒ ይዛችሁ ፍርድ ቤት ሂዱ።