ጣና ዳር ያለችውን ግሪብ በላባዋ እንዴት እንለያለን?

ደንገሉ ዳር አንዲት ቡናማ ወፍ ብቅ ትልና ቢኖኩላሩን እስኪያነሱ ድረስ ትጠልቃለች። ብዙ ሰው የዳክዬ ጫጩት መስላው ያልፋታል።

መጀመሪያ ግሪብ፣ ማለትም እየጠለቀች የምትመገብ የውሃ ወፍ፣ መሆኗን ያረጋግጡ። ምንቃሯ እንደ ዳክዬ ጠፍጣፋ ሳይሆን ቀጭንና ሹል ነው፤ ጭራ ያላት አትመስልም። ከጠለቀች ከ10 እስከ 25 ሰከንድ ይቁጠሩ፤ በጠለቀችበት ስለማትወጣ ዙሪያውን ሰፋ አድርገው ይጠብቁ። 8 በ42 ቢኖኩላር (8 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚ.ሜ. የሆነ) ይበቃል፤ ታንኳ ላይ ከዚያ የበለጠ የሚያጎላው ምስሉን ያንቀጠቅጣል።

ቀጥሎ መጠኗን ይገምቱ። ትንሿ ግሪብ ከ25–29 ሳ.ሜ. ነች፤ ጣና ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እሷ ነች። ትልቋ ባለ ጉትያ ግሪብ 46–51 ሳ.ሜ. ትደርሳለች፤ የአንገቷ ፊት ነጭ ነው። ባለ ጥቁር አንገት የምትባለው ግሪብ ደግሞ ቀይ ዓይንና ወደ ላይ ቀና ያለ ምንቃር አላት፤ ይህን በደንብ ሳያዩ ስሟን አይጻፉ።

አሁን ወደ ቀለሙ። ትንሿ በመራቢያ ጊዜዋ ጉንጯና አንገቷ ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ የአፏ ጥግ ላይ ደማቅ ቢጫ ነጠብጣብ ይታያል። ከመራቢያ ውጭ ፈዛዛ ቡናማ ነች። ጀርባ ነጭ ዳክዬም ምንቃሯ ሥር ነጭ ምልክት አላትና ያሳስታል፤ የእሷ ግን ላባ ነው፣ የግሪቧ ራቁት ቆዳ። የጠዋት ፀሐይ ቡናማውን ሁሉ ቀይ ስለሚያደርግ ጉንጯን ከጎኗ ጋር ያነጻጽሩ።

የአውሮፓ የወፍ መለያ መጽሐፍ የያዘ ሰው የሚሳሳተው በወሩ ነው። እዚያ ትልቋ ግሪብ በብርዱ ወራት ጉትያዋን ታጣለች፤ የአፍሪካዋ ዝርያ ግን ዓመቱን ሙሉ ይዛው ትቆያለች። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ጉትያ ማየት አያስደንቅም፤ ጉንጯ ሸንተረር ያላት ካዩ ወጣት ነች። ትንሿም ብትሆን ከአውሮፓዋ ይልቅ በክንፏ የኋላ ጠርዝ ላይ ነጩ ይበዛል። ይህ ተቀምጣ አይታይም፤ ላባዋን አስተካክላ ስትጨርስ ቀና ብላ ክንፏን የምታራግብበትን ቅጽበት ወይም ደንግጣ ውሃው ላይ የምትሮጥበትን ይጠብቁ። ካሜራ ካለዎት የመዝጊያውን ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ያድርጉና ደጋግመው ያንሱ፤ ከዚያ ቀርፋፋ ከሆነ ነጩ ደብዝዞ ከውሃው ፍንጣቂ ጋር ይምታታል።