ለፎይል ሰርፍ ወደ ማልዲቭስ? ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ስህተቶች እወቁ

«ሪዞርቱን ያዝኩ፣ ትኬቱንም ቆረጥኩ። ፎይሉስ እንዴት ነው?»

ክረምት በመጣ ቁጥር ይህን መልእክት ከዱባይም ከአዲስ አበባም አገኛለሁ። ደስታችሁ ደስ ይለኛል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ለፎይል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ውሃውን ይመርጣል፣ ቀጥሎ ወሩን፣ አልጋውን በመጨረሻ።

ለአዲሶች ባጭሩ ላስረዳ። ከሰርፍ ሰሌዳው ሥር ማስት የሚባል ቋሚ ዘንግ አለ። ጫፉ ላይ ውሃ ውስጥ የሚሄዱ የፊትና የኋላ ክንፎች ተገጥመዋል። ፍጥነት ስታገኙ ክንፎቹ ሰሌዳውን ከውሃው በላይ ያነሱታል። ስህተቶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል የሚመነጩት ይህ ዘንግ ከእግራችሁ በታች መኖሩን ከመርሳት ነው።

ጥልቀቱን አለመጠየቅ

በዚህኛው ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ሰዎች ሪዞርት የሚመርጡት በፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ያ ፈዛዛ ሰማያዊ ውሃ፣ በውሃው ላይ የተሠራ የእንጨት ቤት፣ በረንዳው ላይ ደረጃ። «ከአልጋዬ ተነስቼ ቀጥታ ፎይል ላይ!» ይላሉ። ልብ በሉ፣ ውሃው እንዲህ የፈዘዘው ነጩ አሸዋ ቅርብ ስለሆነ ነው። ቀለሙ ራሱ «እዚህ ጥልቀት የለም» እያላችሁ ነው። ማስት ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ጀማሪ ደግሞ ይወድቃል፣ ደጋግሞ ይወድቃል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሜትር ውሃ ያስፈልገዋል፤ ያውም ከሥሩ አሸዋ ሆኖ።

አንድ እንግዳ ለእንዲህ ዓይነት ቤት የዓመት ቁጠባውን ከፍሎ መጣ። በደረሰበት ዕለት ከሰዓት ውሃው ወገቡ ላይ ነበር፤ እሺ ይሁን አለ። በማግስቱ ጠዋት ባሕሩ ጎድሎ ጉልበቱ ጋ ደረሰ። ማልዲቭስ ውስጥ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ከአንድ ሜትር ብዙም አይዘልም። ግን ከመጀመሪያውም ጥልቀት በሌለበት ቦታ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ብትቀንስ ሁሉም ነገር ይቀየራል። ሰውየው አልሰማም፣ ወጣበት። ጥቂት ሜትር እንደሄደ የፊት ክንፉ ጫፍ ኮራል፣ ማለትም ባሕር ሥር እንደ ድንጋይ ጠንክሮ የሚያድገውን ሕያው ነገር፣ መታ። ድምፁ ባሕር ዳር ድረስ ተሰማ። ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እሱ ወደፊት ተወረወረ፣ ክንዱ ከክርኑ እስከ አንጓው ተላጠ። የካርቦኑ ክንፍ ጫፍ ተሰንጥቋል። ኮራሉም ተሰብሯል፤ ያንን የሚያህል ኮራል ለማደግ ዓመታት ይወስድበታል። ከዚያ በኋላ ወደ ጥልቅ ውሃ የሚወስደው ጀልባ በየቀኑ እየተከራየ ነው የከረመው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ለሪዞርቱ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ባሕሩ በጎደለ ሰዓት፣ ከዳር ሃምሳ ሜትር ገባ ብሎ ውሃው ስንት ሜትር ነው? ከሥሩስ አሸዋ ነው ኮራል?» መልሱ «ውሃችን በጣም ቆንጆ ነው» ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። የሳተላይት ካርታም ተመልከቱ። ጠቆር ያለው ሰማያዊ ጥልቅ ነው፤ ቡናማ ነጠብጣቡ አብዛኛውን ጊዜ ኮራል ነው።

ዛንዚባርን የምታስቡ ደግሞ ይህን እጥፍ አድርጋችሁ ያዙት። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄ አካባቢ የሙላትና የጉድለት ልዩነቱ አንዳንዴ አራት ሜትር ይጠጋል፤ ባሕሩ በመቶዎች ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ውሃው የሸሸበት ሜዳ ላይ የምታዩዋቸው ችካሎችና ገመዶች ሴቶቹ የባሕር አረም የሚያመርቱበት እርሻ ነው። የሰው እንጀራ ነውና በክንፋችሁ አትቁረጡት።

«ፎይል አለን» ሲባል ዝም ብሎ ማመን

ብዙ ሪዞርቶች ፎይል ሲሉ ሞተር ያለውን፣ በባትሪ የሚሄደውን ኢፎይል ማለታቸው ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ሚዛን ለመልመድም ይረዳል። ግን ሞገድ ላይ የሚነዳው የሰርፍ ፎይል አይደለም። በእጅ በሚያዝ ሸራ የሚነዳው ዊንግ ፎይልም አይደለም። የትኛው እንዳላቸው፣ የፊት ክንፉ ስፋት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ለጀማሪ ከ1,500 እስከ 2,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያለው ሰፊ ክንፍ ይሻላል፤ ቀስ ባለ ፍጥነት ያነሳል። 900 ካላቸው የናንተ አይደለም፣ የልምድ ሰዎች ነው።

ለገና መሄድ

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዋጋው ሰማይ ነው፣ ሞገዱ ግን ትንሽ ነው። የሰርፍ ወቅቱ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ የሚበረታው ልክ እኛ ጋ ክረምት ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ይዞ መሄድ ለሚፈልግ ይመቻል። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ሚያዝያን ወይም መስከረምን ምረጡ። ሞገዱ አለ፣ ጉልበቱ ግን መጠነኛ ነው፣ ሪዞርቱም ከገና ሰሞን ይረክሳል።

ስም ያለውን ሞገድ ማሳደድ

ቱሉስዱ ደሴት ላይ ኮክስ የሚባል ሞገድ አለ፤ ስሙን ያገኘው እዚያው ካለው የኮካ ኮላ ፋብሪካ ነው። ድንቅ ሞገድ ነው፣ ለፎይል ተማሪ ግን አይሆንም። ፈጥኖ ጥልቀት በሌለው ኮራል ላይ ይሰበራል። ፎይል የሚፈልገው ሰነፍ፣ ለስላሳ፣ ቀስ ብሎ የሚንከባለል ሞገድ ነው፤ ተራ ሰርፈሮች ንቀው የሚተዉትን። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ባዶ ውሃ ታገኛላችሁ።

ሰው በተሰበሰበበት ሞገድ ላይ በፍጹም ፎይል ይዛችሁ አትግቡ። ክንፉ ስለት ነው። ስትወድቁ ሰሌዳው የት እንደሚሄድ አታውቁም። አንዳንድ ሪዞርት ደግሞ ደጁ ያለውን ሞገድ ቁጥራቸው ለተወሰነ እንግዶች ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ የሰርፍ ፈቃዱም ከክፍሉ ተለይቶ ይያዛል። ፎይል ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሻንጣውን አለመመዘን

ከዋና ከተማዋ ከማሌ ራቅ ወዳሉ ደሴቶች የሚወስዱት ብዙውን ጊዜ ውሃ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው። የተለመደው ፈቃድ 20 ኪሎ ሻንጣና 5 ኪሎ የእጅ ዕቃ ነው፤ ረጅም ሰሌዳ ላይጫን ይችላል። የሚበሩትም በቀን ብርሃን ብቻ ነው። በረራችሁ አመሻሽ ላይ ማሌ ከገባ እዚያው ማደር አለባችሁ፣ የማደሪያውም ወጪ የራሳችሁ ነው። የራሱን ሰሌዳ ለሚይዝ ሰው በፈጣን ጀልባ የሚደረስባት የሰሜን ማሌ አቶል (የደሴቶች ስብስብ) ትሻላለች።

የራሳችሁን ኢፎይል ለመውሰድ አታስቡ። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፤ የኢፎይል ባትሪ ደግሞ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ብሎን

ትርፍ ብሎንና መፍቻውን ያዙ። ደሴቲቱ ላይ ሱቅ የለም፤ አንዲት ኤም 8 ብሎን ከጠፋች ዕረፍቱ አበቃ። ማታ ማታ ደግሞ ፈትታችሁ በጨው አልባ ውሃ እጠቡ፣ የብሎኑን ጥርስ ግሪስ ቀቡ። ጨው አንዴ ካጣበቀው በመዶሻም አይፈታም።

የተጻፈውን ዋጋ የመጨረሻ አድርጎ ማሰብ

ዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት ካያችሁ 10 በመቶ የአገልግሎትና 17 በመቶ የቱሪዝም ግብር ይጨመራል ማለት ነው። 100 ዶላር የተባለው ትምህርት ከ128 ዶላር በላይ ይሆናል። በፈረንጆች 2025 መጀመሪያ ላይ እጥፍ የሆነው አረንጓዴ ግብር ደግሞ በሪዞርት ለአንድ ሰው በአዳር 12 ዶላር ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ፣ ለሳምንት፣ አስሉት።

ወረቀቶች

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ማልዲቭስ ሲደርስ ለ30 ቀን ቪዛ ያገኛል። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ኢሙጋ የሚባለውን የመግቢያ ቅጽ ከበረራ በፊት ባሉት 96 ሰዓታት ውስጥ ሙሉ፤ ነፃ ነው፣ ገንዘብ ከሚጠይቅ ድረ ገጽ ሽሹ። ለጓደኛ ብላችሁ አረቄም ሆነ ጠጅ አትያዙ፤ ኤርፖርት ላይ ይወሰዳል።

ዋና ሳይችሉ መሄድ

ይህ ለብዙዎቻችን የሚመለከት ነው፤ ባሕር አጠገብ አላደግንም። ላይፍ ጃኬት የዋና ምትክ አይደለም። ፎይል ላይ ስትወድቁ መጀመሪያ የምታደርጉት ከክንፉ ርቆ መዋኘት ነው፤ የደነገጠ ሰው ግን ሰሌዳውን ነው የሚያቅፈው። ከጉዞው ወራት ቀደም ብላችሁ ገንዳ ውስጥ ጀምሩ፤ ከዚያ ላንጋኖ ሄዳችሁ እግር በማይነካበት ውሃ ተለማመዱ። ሁለት መቶ ሜትር ሳትቆሙ ከዋኛችሁ፣ ወድቃችሁም ሳትደናገጡ መንሳፈፍ ከቻላችሁ፣ ያኔ ለሪዞርቱ ጻፉ። የመጀመሪያውን ትምህርት በጀልባ ተጎትታችሁ፣ በጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። ሄልሜትና የውሃ ጫማ ከሌላቸው ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።