ትልልቅ የፊልም ሮቦቶችን ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ትፈትሻላችሁ?

ትልቅ የሮቦት ፊገር፣ ማለትም መገጣጠሚያዎቹ የሚንቀሳቀሱ የፊልም ገጸ ባሕርይ ቅርጽ፣ ከትንሹ የሚለየው በቁመት ብቻ አይደለም። ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 18 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ገዝቶ ስለወደደው፣ 45 ሴንቲ ሜትሩን ሲያገኝ "ያው ነው፣ ተለቀ እንጂ" ብሎ ገንዘቡን ይቆጥራል።

ያው አይደለም። ቁመቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ሲያድግ፣ አሠራሩ ካልተቀየረ ክብደቱ 15 እጥፍ ያልፋል። ያንን ክብደት የሚሸከመው የመገጣጠሚያ ዘንግ አግድም ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት ግን የሚጨምረው ስድስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ውስጡን ክፍት እያደረጉ ክብደቱን ይቀንሳሉ። እንዲያም ሆኖ ጫናው ሁሉ የሚያርፈው ዳሌና ቁርጭምጭሚት ላይ ነው። ስለዚህ ትልቅ ሮቦት ስትመለከቱ ፊቱን አትዩ፣ ቀለሙንም አትዩ። መጀመሪያ ዳሌውን እዩ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ለምሳሌ የምይዘው ጂፕሲ ዴንጀርን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የጊዬርሞ ዴል ቶሮ ፊልም፣ የፓሲፊክ ሪም ዋናው ሮቦት ማለት ነው። የአሜሪካው ኔካ ኩባንያ በ18 ኢንች፣ ማለትም ወደ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ አድርጎ ሠርቶታል። ደረቱ ትልቅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ መብራትም ያለው ነው። ለፍተሻ ትምህርት ከእሱ የተሻለ አላውቅም።

ከቤት ሳትወጡ

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዕቃ በአብዛኛው የሚገኘው በቴሌግራም ነው። ከመደወላችሁ በፊት አራት ፎቶ ጠይቁ፦ የእግሩ መርገጫ ከሥር፣ ጀርባው፣ ዳሌው ከቅርብ፣ የባትሪው ቤት ተከፍቶ። አንድ አጭር ቪዲዮም ይጨመርበት፣ ጉልበቱ ሲታጠፍና መብራቱ ሲበራ የሚያሳይ። ሻጩ ከፊት ለፊት የተነሳ አንድ ፎቶ ብቻ ደጋግሞ ከላከላችሁ መንገድ አትጀምሩ።

ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ጠይቁ። "ሩብ ልኬት ነው"፣ ማለትም የዋናው አንድ አራተኛ ነው፣ የሚል መልስ አይበቃም። ሩብ ልኬት የሚሠራው እንደ ሮቦኮፕ ሰው የሚያክል ገጸ ባሕርይ ላይ ነው። ጂፕሲ ዴንጀር በፊልሙ ታሪክ 79 ሜትር ይቆማል። ሩብ ቢሆን ኖሮ 20 ሜትር ገደማ ይሆን ነበር። 45 ሴንቲ ሜትሩ ፊገር ከዋናው 170 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ሻጩ ልኬቱን ስላልለየ ውሸታም ነው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ከሌላ ቦታ የገለበጡትን ነው የሚጽፉት። እናንተ ግን ቁጥሩን ያዙ።

የምትይዙት ዕቃ ብዙ አይደለም፦ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ አዲስ ባትሪ። የባትሪውን ዓይነት ቀድማችሁ ጠይቁ። ክብ የሰዓት ባትሪ ከሆነ ሰዓት ሠሪዎች ጋ ይገኛል። ኤልአር44 እና ኤጂ13 የሚባሉት አንድ ናቸው፣ ሁለት ስም ስላዩ እንዳትደናገሩ። ሲአር2032 ግን ሌላ ነው፤ እሱ ባለ 3 ቮልት ሲሆን እነዚያ 1.5 ናቸው።

የት እንገናኝ?

ቸርችል ጎዳና፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወይም ፒያሳ፣ ቀን በቀን፣ በረንዳው ብርሃን ያለው ካፌ ምረጡ። መኪና ውስጥ አትፈትሹ። የመኪና ወንበር ላይ ምንም ሮቦት ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ስለዚህ ዋናውን ፍተሻ ሳታደርጉት ትቀራላችሁ። ጠረጴዛው የሚወዛወዝ ከሆነ የሴራሚክ ወለል ይሻላል።

ዳሌው፣ ጉልበቱ፣ ቁርጭምጭሚቱ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ሮቦቱን በወገቡ ያዙትና አንሡት። እግሮቹ አየር ላይ ሲንጠለጠሉ በራሳቸው ይወዛወዛሉ? ከተወዛወዙ ዳሌው ላልቷል። ቀጥሎ ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ በቀስታ ነቅንቁት። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ ወይ ብሎን ወልቋል ወይ የተሰበረ ዘንግ አለ። መብራት ያለው ከሆነ ደግሞ ያ ብሎን ሽቦ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ከዚያ አንዱን እግር ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት አንሡ። ሁለት ዓይነት መገጣጠሚያ ያጋጥማችኋል። አንዱ ጥርስ ያለው ነው፣ ሲንቀሳቀስ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ለትልቅ ሮቦት ዳሌ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። እያንዳንዷ ቀጭታ እኩል ጥንካሬ ሊኖራት ይገባል። መሃል ላይ አንዷ ከጠፋች፣ እግሩም እዚያ ቦታ ላይ ዝም ብሎ ከተንሸራተተ፣ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው። የተበላ ጥርስ አይጠገንም። ሁለተኛው ኳስ በጎድጓዳ ውስጥ የሚዞርበት ነው። ይህ ድምፅ የለውም፣ የሚይዘው በመፋተግ ብቻ ነው። ከላላ ግን መድኃኒት አለው፦ ኳሱን አውጥቶ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ መቀባት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መተው፣ መልሶ መግጠም። ሱፐር ግሉ አንድ ጠብታ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ትንሽ ከበዛ መገጣጠሚያው ለዘላለም ይደርቃል፤ ያኔ የሚንቀሳቀስ ሮቦት ሳይሆን ሐውልት ነው የሚኖራችሁ።

አሁን አቁሙት። እግሮቹን ትንሽ ከፈት፣ መርገጫዎቹ ሙሉ በሙሉ መሬት የነኩ፣ እጆቹ ወደ ታች። ስልካችሁን ስኒው አጠገብ አስደግፋችሁ አንድ ፎቶ አንሡት። ከዚያ ማኪያቷችሁን ጠጡ፣ ስለ ፊልሙ አውሩ፣ ሮቦቱን ማንም አይንካው። ሩብ ሰዓት ሲሞላው ከዚያው ቦታ ሌላ ፎቶ አንሡ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ እዩ፣ የጭንቅላቱን ጫፍ ከኋላ ካለው የመስኮት መስመር ጋር አስተያዩ። ጫፉ ከመስመሩ ፈቀቅ ካለ ቁርጭምጭሚቱ ክብደቱን አልቻለውም። በሩብ ሰዓት ይህን ያህል ከዘመመ፣ በሳምንቱ ከመደርደሪያው ይወድቃል።

እንዲህ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ፕላስቲኩ ነው። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ለስላሳ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ቀስ በቀስ ይተኛል፣ በሙቀት ደግሞ ይብስበታል። ኤቢኤስ የሚባለው ጠንከር ያለ ነው። ስለዚህ መርገጫውንና ቁርጭምጭሚቱን በጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩ። እንደ ጎማ ካልሰጠ ጥሩ ምልክት ነው። ብረት ቢሆንስ? ብረት ያለበት ሁሉ የተሻለ ነው የሚለውን አትቀበሉ። ዚንክ ቅይጥ እግር ላይ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ሚዛኑን ወደ ታች ይይዛል። ደረትና ክንድ ላይ ሲሆን ግን የተጫነው ያው ምስኪኑ ዳሌ ላይ ነው።

የጠበቀ መገጣጠሚያስ? "አይዞህ ወንድሜ፣ አዲስ ስለሆነ ነው፣ ጠምዘዝ አድርገው" ይላችኋል ሻጩ። አታድርጉት። ካዛንቺስ የሚኖር ጓደኛዬ እንዲህ ተብሎ የጠመዘዘው ትከሻ ከነዘንጉ እጁ ላይ ቀረ። ዘንጉ ከቀለም ጋር ተጣብቆ ነበር። የጠበቀ ነገር በሙቀት ነው የሚፈታው። መብራት የሌለበትን ክፍል ሙቅ ውኃ ውስጥ ለአጭር ጊዜ መንከር፣ መብራት ያለበትን ደግሞ በፀጉር ማድረቂያ ከራቅ ብሎ ማሞቅ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የውጭ ቪዲዮዎች "የፈላ ውኃ" ሲሉ 100 ዲግሪ ማለታቸው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፒቪሲን ለማለስለስ ከበቂም በላይ ነው። ኤቢኤስን ግን ብዙም አይነካውም፤ ኤቢኤሱ አልፈታ ካለ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አትጨምሩ። ይህን ሥራ ደግሞ ቤታችሁ ነው የምትሠሩት። ካፌ ውስጥ የጠበቀ መገጣጠሚያ ካገኛችሁ ሳትነኩት ዋጋው ላይ ተነጋገሩ።

መብራቱና የባትሪው ቤት

ክዳኑን በካቻቢቴ ክፈቱ። የብረት ንክኪዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ባትሪ አፍስሷል። ትንሽ ከሆነ በሎሚ ወይም በኮምጣጤ በተነከረ የጆሮ ጥጥ ይጸዳል፣ ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ቅርፊቱ ሽቦው ውስጥ ገብቶ ከሆነ መብራቱን እንደሌለ ቁጠሩትና ዋጋ አውጡለት። የራሳችሁን አዲስ ባትሪ ገጥማችሁ አብሩት፤ "ባትሪው ስላለቀ ነው" የሚለው ክርክር እዚያው ያበቃል። ቀን ላይ ደካማ መብራት ስለማይታይ በጃኬታችሁ ሸፍናችሁ እዩት።

ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?

እግሩ ሥር ወይም ጀርባው ላይ የመብት ባለቤቱ ስምና ዓመት ተቀርጾ ወይም ታትሞ ይፈለጋል። ፊደሎቹ በአጉሊ ሲታዩ ጠርዛቸው የጠራ ነው፤ ኮፒ ላይ ግን ይሟሟሉ፣ ምክንያቱም ቅርጹ የሚወሰደው ከተሠራው ፊገር ላይ ነው። በዚያው ምክንያት ኮፒው ከዋናው በመጠኑ አንሶ ይወጣል። ሜትሩን ያስያዝኳችሁ ለዚህም ነው።

"ቻይና የተሠራ" የሚለው ጽሑፍ ምንም አያረጋግጥም። የአሜሪካው ኔካም የሆንግ ኮንጉ ሆት ቶይስም ፊገሮቻቸውን ቻይና ነው የሚያሠሩት። ካርቶን አለመኖሩም እንዲሁ። እኛ ጋ የሚመጣው አብዛኛው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ 23 ኪሎ ውስጥ ለትልቅ ካርቶን ቦታ የሚሰጥ የለም። ካርቶኑ ይጣላል፣ ሮቦቱ በፎጣ ተጠቅልሎ ይመጣል። ካርቶን ስለሌለው ብቻ ጥሩ ዕቃ አሳልፌ አላውቅም። ተለዋጭ እጆች ካሉት ግን ቁጠሯቸው፣ በፎጣው መሃል የሚጠፉት እነሱ ናቸው።

ቀለሙ

ከመሄዳችሁ በፊት ፊልሙን አንድ ጊዜ እዩት። ጂፕሲ ዴንጀር ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፣ ተፋልሞ የኖረ ማሽን ስለሆነ ጭረትና እድፍ አለበት። ስለዚህ ጭረቱ ጉድለት አይደለም። ልዩነቱ እንዲህ ይታወቃል፦ ሆን ተብሎ የተሠራ እድፍ ስንጥቅና ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል፤ የግዴለሽ ቀለም ግን ለጥ ያለ ቦታ ላይ ተደፍቶ ይታያል። እንደ ተርሚኔተሩ አጽም ብርማ የሆኑት ላይ ተጠንቀቁ። ያ ብርማ ነገር ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ ስስ ሽፋን ነው፣ በአልኮል ከተጠረገ ይነሳል። ክርንና ጉልበቱ አካባቢ እዩት፣ መጀመሪያ የሚላጠው እዚያ ነው።

ሲነካ የሚያጣብቅ ከሆነ አትደንግጡ። ፒቪሲ ታሽጎ ሲቀመጥ ማለስለሻው ወደ ላይ ይወጣል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይለቃል፣ መብራት ወዳለበት ክፍል ግን ውኃ አታስገቡ።

ዋጋ

የላላ ኳስ፣ የጠፋ እጅ፣ የማይበራ መብራት፣ ሁሉም ድርድር ነው። ሻጩ ፊት አንድ በአንድ ቆጥራችሁ አስቀንሱ። የተበላ የዳሌ ጥርስ ወይም ቆሞ የሚዘም ቁርጭምጭሚት ካለ ግን በግማሽ ዋጋም አልገዛም። መደገፊያ ዘንግ አድርጌለት አቆመዋለሁ የሚል ሰው አውቃለሁ፣ እሱም ያስኬዳል። ግን ዘንጉ በትክክል ወገቡን የሚይዝ መሆን አለበት፤ ጀርባውን ብቻ ከደገፈ ክብደቱ አሁንም እግሩ ላይ ነው።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ ባትሪውን አውጡት፣ በተለይ ክረምት ሲገባ። መደርደሪያው ከመስኮት ይራቅ፤ የከፍታችን ፀሐይ ነጩን ፕላስቲክ ያቢጫል፣ ፒቪሲውንም ያለሰልሳል። በወር አንዴ አቋቋሙን ቀይሩለት፣ ዛሬ የቀኝ እግሩ ከቀደመ በሚቀጥለው የግራው ይቅደም።