አያታችሁ ግራኝ አልነበሩም፤ ኔጋቲቩ ተገልብጦ ነው

የቤተሰብ ኔጋቲቭ (ፎቶ የሚታጠብበት፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚታይበት የድሮ ፊልም) በስልክ ወይም በስካነር አንስታችሁ ወደ ፎቶ ስትመልሱ የሚገጥሙ ችግሮች እነዚህ ናቸው። ኔጋቲቭ በጠርዙ እንደሚያዝ፣ እጅ ንጹህና ደረቅ መሆን እንዳለበት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ምልክት፦ ሰውየውን ታውቁታላችሁ፣ ግን የሆነ ነገር ልክ አልመጣም። ሰዓቱ ቀኝ እጁ ላይ ነው። የኮቱ ቁልፍ እንደ ሴት ልብስ ነው።

ምክንያት፦ ኔጋቲቩ የተነሳው በተሳሳተው ጎኑ ነው። ከሚመጡልኝ ችግሮች ሁሉ የሚበዛው ይሄ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች ከአዘዞ መጡ፣ ተኳርፈው። አያታቸው ጠመንጃ በግራ ትከሻቸው አንግተዋል። ታናሽየው «ይሄ አያታችን አይደሉም፣ ግራኝ የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው ናቸው» ብሎ ድርቅ አለ፣ እንዲያውም ስማቸውን አጽፎ ፍሬም አስገብቶታል፣ ያስከፈለው ፎቶ ቤትም አንዴ እንኳ ገልብጦ አላየውም! ከአያትየው ጀርባ የሱቅ ታፔላ አለ። እነሱ ጽሑፉን ጣልያንኛ ነው ብለው ትተውታል። መስታወት አምጥቼ አሳየኋቸው፤ «ሻይ ቤት» ይላል።

መፍትሄ፦ የፊልሙን ጠርዝ እዩ። «ኮዳክ»፣ «ሴፍቲ ፊልም» የሚሉ ፊደሎችና ቁጥሮች አሉ። በትክክል ከተነበቡ የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ እናንተ ነው፣ ምስሉም ትክክል ነው፤ ካሜራውም ያንን ጎን ይይ። ጠርዙ ተቆርጦ ከሆነ ብርሃን ላይ አጋድሙት። ደብዛዛው ጎን ኬሚካሉ ያለበት ነው፣ እሱን አትንኩ፣ በጨርቅም አትጥረጉ። ስካነር ከሌላችሁ የሌላ ስልክ ነጭ ስክሪን ይበቃል። ግን ኔጋቲቩን ስክሪኑ ላይ አትለጥፉት፣ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ የስክሪኑ ነጠብጣብ ፊት ላይ ይወጣል። ከዚያ ባነሳችሁት ፎቶ ላይ ቀለሙን ገልብጡ፣ ጥቁሩ ነጭ ነጩ ጥቁር ይሁን።

ፊደል የለም፣ ሰዓት የለም? ከበስተጀርባ የፋሲል ግንብ ካለ ሂዱና እዚያው ቦታ ቁሙ። ከክብ ማማዎቹ በላይ ብቅ ያለው አራት ማዕዘን ማማ በየት በኩል ነው? አለቀ። የጎንደር ፒያሳው የጣልያን ሕንፃ ከታየ ደግሞ ፎቶው ከ1928 ዓ.ም. በፊት ሊሆን አይችልም። «ከጣልያን በፊት የተነሳ ነው» የሚል አጎት አይጠፋም፣ በትህትና አሳዩት።

ምልክት፦ ኔጋቲቮቹ እርስ በርስ ወይም ከተቀመጡበት ላስቲክ ጋር ተጣብቀዋል። ምክንያቱ የጎንደር ክረምትና አልጋ ስር የተረሳ ሳጥን ናቸው። አትላጡ! አንዲት እናት የሠርጋቸውን ኔጋቲቭ ልጃቸው በጥፍሩ ላጠው፣ የሙሽራው ፊት ላስቲኩ ላይ ቀረ። የተጣራ ውኃ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ውስጡ ንከሩና ራሱ እስኪለቅ ጠብቁ። ሙቅ ውኃ በፍጹም። መጀመሪያ ብዙም በማያስቆጫችሁ ቁራጭ ሞክሩ። ሻጋታ ካለው ግን ውኃ አታስነኩት፣ ሻጋታ የበላው ምስል ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ነፋሻ ጥላ ላይ አድርቁት። ርካሽ ላስቲክም መልሳችሁ አትግዙ፣ ወረቀት ፖስታ ይሻላል።

ኮምጣጤ ከሸተተ ፊልሙ እየበሰበሰ ነው፣ መዳኛ የለውም፤ ዛሬውኑ ፎቶ አንሱትና ከሌሎቹ ለዩት።

ጠርዙ ላይ «ናይትሬት» የሚል ካገኛችሁ ከከሰልና ከጧፍ አርቁ። እንደ ጉድ ይነድዳል።

የሰዎቹን ስም በእርሳስ ፖስታው ላይ ጻፉ፣ ኔጋቲቩ ከመግባቱ በፊት። በቢክ የአያቱ ግንባር ላይ «አያቴ» ብሎ የጻፈ ሰው ገጥሞኛል።